ትንቢትና ፈቃድ፦ የሥልጣን ምኞት በ«ማክቤዝ» እና በቴዎድሮስ ታሪክ

የሥልጣን ምኞት በአንድ ጀግና ልብ ውስጥ ገብቶ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ልብ ገዝቶ፥ በመጨረሻም ባለቤቱን ከነክብሩ ለጥፋት አሳልፎ ሲሰጥ የሚያሳይ ተውኔት በተነበበ ወይም በመድረክ በታየ ቁጥር፥ ከአንባቢውም ከተመልካቹም አእምሮ የማይጠፋ አንድ ጥንታዊ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ይህ ሰው የወደቀው ውድቀቱ አስቀድሞ የተወሰነበት ስለ ሆነ ነውን፥ ወይስ መቆም ሲቻለው መውደቅን ራሱ መርጦ ነው የሚለው ነው። የግሪክ ባለቅኔዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በብዙው ወደ ፊተኛው ያጋደለ ነበር፤ በሶፎክሊስ ተውኔት ኤዲፐስ አባቱን እንደሚገድልና እናቱን እንደሚያገባ በተነገረው ጊዜ፥ አሳዳጊዎቹ ወላጆቹ መስለውት ከቆሮንቶስ ሸሽቶ ሄደ፤ የሸሸበት መንገድ ራሱ ግን ትንቢቱ ከሚፈጸምበት ስፍራ አደረሰው። ሼክስፒር በ1606 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው በ«ማክቤዝ» ውስጥ ግን ጀግናው ከትንቢቱ አይሸሽም፤ ወደ ትንቢቱ ይሮጣል። አንዱ እየሸሸ የተያዘ፥ ሌላው እየሮጠ የደረሰ ሆነው ሳሉ፥ ሁለቱን በአንድ የዕጣ ፈንታ ሚዛን መመዘን ማክቤዝን ከበደሉ ነጻ ማውጣት፥ ከበደሉም ጋር ታላቅነቱን መግፈፍ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ሼክስፒርን ለአማርኛ አንባቢ ለማቅረብ የደከሙት ደራስያን ምስጋናቸው ብዙ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ካቀረቡ በኋላ፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት «ኦቴሎ»ን፥ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን በአማርኛ ግጥም መልሰው ሰጥተውናል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ቶሎ የሚገባው «ማክቤዝ» ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በጦር ሜዳ የተመሰገነ መስፍን ንጉሡን ገድሎ በዙፋኑ ሲቀመጥ፥ ከዚያም ዙፋኑን ለማጽናት ደም በደም ላይ ሲያፈስ የሚያሳየው ታሪክ፥ ራስ ሚካኤል ስዑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው ካስገደሉ ወዲህ ሰማንያ ስድስት ዓመት ያህል የዘለቀውን የዘመነ መሳፍንት ነገር ለሚያውቅ ሕዝብ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ስሙን ከእናቱ ስም ጋር አስደምሮ በዐውደ ነገሥት ኮከቡን ያስቆጠረ፥ መነኩሴ በሕልም ያየውን ለመስማት ተራራ የወጣ፥ የባሕታዊ ቃል ሰምቶ ጉዞውን ያስቀረ ሰው በየቤታችን ስላለ፥ በምድረ በዳ ቆመው ስለሚመጣው ነገር የሚናገሩት ሦስት ጠንቋዮች ለእኛ የተረት ሰዎች ብቻ ሆነው አይታዩንም።

እንግዲህ ጠንቋዮቹ ምን ተናገሩ? ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ማክቤዝን በሦስት ማዕርግ ጠርተው ሰላምታ ሰጡት፤ የግላሚስ መስፍን፥ የካውዶር መስፍን፥ ወደ ፊትም ንጉሥ የምትሆን አሉት። የፊተኛው ማዕርግ ከአባቱ የወረሰው፥ ቀድሞ በእጁ ያለ ነበር። ሁለተኛውን ደግሞ ንጉሥ ዳንካን ከዳተኛውን የካውዶር መስፍን በሞት ቀጥቶ ሹመቱን ለማክቤዝ እንዲሰጥ አስቀድሞ አዝዟል፤ ተመልካቹም ይህን ትእዛዝ ጠንቋዮቹ ከመናገራቸው በፊት በነበረው ትዕይንት በጆሮው ሰምቷል። ስለዚህ ከሦስቱ ቃላት አንዱ ያለፈ ነገር፥ አንዱ ለባለቤቱ ገና ያልደረሰው ወሬ ሲሆን፥ በእውነት ትንቢት ሊባል የሚችለው ሦስተኛው ብቻ ነው። በዚህ በሦስተኛውም ውስጥ ቢሆን ትነግሣለህ ከማለት በቀር ግደል የሚል ቃል፥ በዚህ መንገድ ሂድ የሚል ምክር፥ በዚህ ቀን ይሁን የሚል ቀጠሮ አይገኝም፤ ፍጻሜው ተነገረ እንጂ መንገዱ አልተነገረም። ታዲያ ማክቤዝ ይህን መልካም የሚመስል ወሬ በሰማ ጊዜ ለምን ደነገጠ? ባንኮ አጠገቡ ቆሞ ድንጋጤውን አይቶ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። የደስታ ቃል ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው፥ የሰማው ነገር አስቀድሞ በልቡ ሲመላለስ የኖረ፥ ለሰው ያልነገረው ምሥጢር ከሌላ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ኀጢአት የሚሠራበትን መንገድ በሦስት ይከፍሉታል፤ በሐልዮ፥ በነቢብና በገቢር ይሉታል፤ ይኸውም በሐሳብ፥ በንግግርና በሥራ ማለት ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው ሦስቱንም ለይቶ የሚናዘዘው፥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ደጃፍ ላይ ፈቃዱ ነጻ ሆኖ ቆሞ ስለ ነበር ነው። የማክቤዝን የመጀመሪያ ሁለት ገቢሮች በዚህ ትምህርት ብርሃን ያነበበ ሰው፥ የተውኔቱ አሠራር ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ ይረዳል። በምድረ በዳው ላይ ግድያው ሐልዮ ብቻ ነበር፤ እንዲያውም ማክቤዝ ዕድል ሊያነግሠኝ ከወደደ እኔ ምንም ሳላደርግ ያንግሠኝ ብሎ ለጊዜው ነገሩን ትቶት ነበር። ዳንካን ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ አድርጎ በሾመ ጊዜ ግን ያ ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ በደብዳቤ ወደ ሚስቱ ተላከ፥ በሁለቱም መካከል ቃል ሆነ። ከቃሉ እስከ ግብሩ ድረስ ያለው ጊዜ አንዲት ሌሊት እንኳ የማትሞላ ናት፤ ነገር ግን ሼክስፒር በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር ለርእሰ ነገራችን ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው።

እንግዳው ንጉሥ እራት ተቀምጦ ሳለ ማክቤዝ ከማዕዱ ተነሥቶ ብቻውን ይወጣና ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዘመዱ ነኝ፥ ሎሌው ነኝ፥ ደግሞም በቤቴ ያደረ እንግዳዬ ነው፥ በሩን ከገዳይ መዝጋት ሲገባኝ እኔ እንዴት ሰይፍ ይዤ እገባለሁ ይላል፤ ዳንካን የዋህ ንጉሥ እንደ ሆነና ሞቱ የአገር ልቅሶ እንደሚሆን ያስባል፤ ለዚህ ሥራ የሚገፋፋው ከልክ ያለፈ ምኞት ብቻ እንጂ ሌላ ምክንያት እንደሌለው በገዛ አንደበቱ ይመሰክራል። ከዚያም ሚስቱ ስትመጣ፥ በዚህ ነገር ከእንግዲህ ወዲህ አንሄድም ብሎ ይቆርጣል። በዚህች ሰዓት ማክቤዝ ነጻ ሰው ነው፤ ትንቢቱን ሰምቷል፥ ምኞቱን ያውቃል፥ የሥራውን ክፋት መዝኖታል፥ እምቢም ብሏል። ጥቂት ቆይቶ እሺ ያሰኘው ጠንቋይ አልነበረም። እመቤት ማክቤዝ ባሏን ለማስገደድ የዕጣ ፈንታን ስም አልጠራችም፤ ወንድነቱን ጠየቀችው፥ ቃሉን አሳሰበችው፥ አሳላፊዎቹን በወይን አስክሮ በደሉን በእነርሱ ላይ የመጣልን ብልሃት አሳየችው። እርሱም በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጩቤ እያየ ወደ ንጉሡ መኝታ ሄደ። ያ ጩቤ ከጠንቋዮች የተላከ ነውን ወይስ ከነደደ አእምሮ የወጣ ነው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች፥ ማክቤዝ ራሱ አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ እንደ ጠየቀና ጩቤው ከሐሳቡ የተፈጠረ መሆኑን አምኖ እንደ ተናገረ ያስታውስ። አምኖም ሄደ።

በዚህ ስፍራ ላይ ከአውሮፓውያን ሐያስያን ይልቅ የእኛ የመጻሕፍት ትርጓሜ አንባቢ የተሻለ ምሳሌ በእጁ አለው። በነገሥት መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ የሶርያ ንጉሥ ወልደ አዴር በታመመ ጊዜ አገልጋዩን አዛሄልን ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ላከው፤ ነቢዩም እያለቀሰ አንተ በሶርያ ትነግሣለህ አለው፤ አዛሄልም ወደ ጌታው ተመልሶ ትድናለህ ብሎሃል አለው፥ በማግሥቱም ልብስ በውሃ ነክሮ በፊቱ ላይ አድርጎ አፍኖ ገደለው፥ በእርሱም ፈንታ ነገሠ። ዳዊትም እንዲሁ ገና በበግ እረኝነቱ ሳለ በሳሙኤል እጅ ለመንግሥት ተቀብቷል፤ ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ብቻውን በእጁ ላይ በወደቀ ጊዜም፥ ሰዎቹ እግዚአብሔር አሳልፎ የሰጠህ ቀን ይህ ነው እያሉ ሲገፋፉት፥ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ተወው፤ ያችን ዘርፍ በመቁረጡ እንኳ ልቡ መታው። ሁለቱም እንደሚነግሡ ተነግሯቸዋል፥ ሁለቱም ነግሠዋል፥ የተነገረውም ቃል በሁለቱም ላይ እውነት ሆኗል፤ ልዩነታቸው ሁሉ ከቃሉ እስከ ዙፋኑ ባለው መንገድ ላይ ነው። ማክቤዝ አዛሄል ነው። ዳዊት ሊሆንም ይችል ነበር፤ ባንኮ ይህን ያሳየናል።

የባንኮ ነገር ሊታለፍ የማይገባው ነው። ሼክስፒር ለዚህ ተውኔት መነሻ ባደረገው በሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ውስጥ ባንኮ በዳንካን ግድያ ተባባሪ ነበር፤ በእውነተኛው ታሪክም ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. የገዛው ማክቤዝ ዳንካንን በውጊያ አሸንፎ እንጂ በእንግድነት አልጋው ላይ አልገደለውም። በ1603 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ጄምስ ዘሩን ከባንኮ ይቆጥር ስለ ነበር፥ ደራሲው ባንኮን ንጹሕ ያደረገው ንጉሡን ላለማስቀየም ነው ይባላል፤ ይህም እውነትነት አለው። የለውጡ ምክንያት የቤተ መንግሥት ጥንቃቄ ቢሆንም እንኳ ያስገኘው ፍሬ ግን ለተውኔቱ እጅግ ትልቅ ነው፤ አሁን በአንድ ምድረ በዳ ላይ፥ በአንድ ሰዓት፥ ከአንድ አፍ ትንቢት የሰሙ ሁለት ሰዎች አሉን። ለባንኮም አንተ ባትነግሥ ዘርህ ይነግሣል ተብሎታል፤ እርሱ ግን የጨለማ መልእክተኞች በጥቂቱ እውነት ተናግረው በብዙው ሊያስቱ እንደሚችሉ ባልንጀራውን አስጠነቀቀ፥ በሌሊትም ክፉ ሐሳብ እንዳይመጣበት ጸለየ፥ በማንም ላይ እጁን አላነሣም። ትንቢት ሰውን የሚያስገድድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ባስገደደ ነበር።

ማክቤዝ ራሱም ትንቢትን በቅን ልብ የሚያምን ሰው አልነበረም። የሚጠቅመው ቃል የማይቀር ነው ብሎ ይይዘዋል፤ የሚጎዳው ቃል ሲሆን ደግሞ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሊሽረው ይነሣል። ባንኮንና ልጁን ፍሊያንስን ለማስገደል ሽፍቶች የላከው የባንኮ ዘር እንዳይነግሥ ነው፤ የራሱን መንገሥ ያረጋገጠለት ያው አፍ መሆኑን ግን ረሳው፤ ወይም ሊያስታውሰው አልፈለገም። በመጀመሪያ ጠንቋዮቹ በመንገድ ቆመው ጠበቁት፤ በአራተኛው ገቢር ግን ራሱ ፈልጎ ወደ ጎሬያቸው ሄደ። ማክዳፍን ተጠንቀቅ ብለው በነገሩት ጊዜ ማክዳፍ ወደ እንግሊዝ መሸሹን ሰማ፤ ያን ጊዜ የማክዳፍን ሚስትና ሕፃናት ልጆቹን እንዲያርዱ ሰዎች ላከ። ይህን ግድያ ያዘዘ ትንቢት የለም፤ ይህ ግድያ የሚያስገኘው ዙፋንም፥ የሚያስወግደው አደጋም የለም። ዕጣ ፈንታ ነው የሚሉ ሐያስያን ሁሉ በዚህ ትዕይንት ፊት ሲደርሱ ቶሎ ማለፋቸው ያሳዝነኛል፤ ከጠንቋዮቹ ቃል ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው በደል በተውኔቱ መካከል ተተክሎ የቆመው፥ ክፋቱ ከማን እንደ መነጨ እንድናይ ነውና።

ይህን ዳሰሳ የማዘጋጅበት ፉጣ፥ ቀዩ ቤተ መንግሥት የሚገኝበት፥ የሙረባዕ ቤተ መንግሥትም በአጠገቡ ያለ፥ በሪያድ ከተማ መካከል የቆየ ሰፈር ነው። በዚህ ከተማ ለእንጀራ የመጡት ወገኖቻችን ዐርብ ዕለት ከሥራ ሲያርፉ ተሰብስበው ቡና እያፈሉ ሲጫወቱ፥ ስለ ስደታቸው የሚናገሩት ንግግር ሁሉ «ዕድሌ ነው»፥ «እንጀራዬ ከዚህ ተጽፎ» በሚል ቃል ይደመደማል። ጎረቤቶቻቸው ዓረቦችም ስላለፈው ነገር ሲናገሩ ተጽፎ ነበር ይላሉ፤ በእስልምና የመጀመሪያ መቶ ዓመታት ቀደሪያና ጀብሪያ የተባሉት ወገኖች ስለ ሰው ፈቃድ አጥብቀው የተከራከሩበት፥ በ10ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. አቡል ሐሰን አልአሽዓሪ ግብርን የሚፈጥር ፈጣሪ ነው፥ ሰው ግን ያንን ግብር የራሱ ያደርገዋል በማለት ሊያስታርቁት የሞከሩት ነገር ይኸው ነው። እነዚህን ወገኖች ስሰማ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ዕድሌ ነው የሚለውን ቃል የሚናገሩት መንገዱን ከሄዱ፥ ባሕሩን ከተሻገሩ፥ የሚመጣውን መከራ ከተቀበሉ በኋላ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ግን አስበዋል፥ ተማክረዋል፥ ገንዘብ ተበድረዋል፥ እናታቸውን አስፈቅደዋል፤ ማለት መርጠዋል። ካለፈ በኋላ የሚነገር የዕድል ቃል የተጎዳን ልብ የሚያጽናና፥ ፈጣሪን ከማማረር የሚጠብቅ፥ የተከበረ ቃል ነው፤ በእነርሱም አንደበት ሲሆን ትዕግሥታቸውን ያሳያል። ማክቤዝ ግን ይህን ቃል ከስፍራው ነቅሎ ከሥራው በፊት አመጣው፤ ለሆነው ነገር መጽናኛ የነበረውን ለሚያደርገው ነገር ማደፋፈሪያ አደረገው። የሥልጣን ምኞት ትራጀዲ ሁሉ ሥሩ ከዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ግን ሊነሣ ይችላል። የተነገረው ሁሉ አንድ ሳይቀር ደርሷል፤ ማክቤዝ ነግሧል፥ የበርናም ዱር በወታደሮች እጅ ወደ ዳንሲኔን ወጥቷል፥ ከሴት የተወለደ አይጎዳህም ተብሎ ሳለ ማክዳፍ ከእናቱ ማሕፀን በቀዶ ጥገና የወጣ ሆኖ ተገኝቷል፤ የማይሳት ቃል ካለ ነጻ ፈቃድ ወዴት አለ? ለዚህ የሊቃውንቱ መልስ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ማወቅ አስቀድሞ ማስገደድ አይደለም ይላሉ። ሲራክ በምዕራፍ 15 እንደሚያስተምረው ፈጣሪ ሰውን በገዛ ምክሩ እጅ ትቶታል፥ እሳቱንና ውሃውን በፊቱ አኑሮ እጁን ወደ ወደደው እንዲዘረጋ አድርጎታል፤ ወደየትኛው እንደሚዘረጋ ማወቁ እጁን አልያዘውም። በተውኔቱም ውስጥ በጠንቋዮቹ ጎሬ የተነገረው የሁለተኛው ትንቢት ጉዳት ያለው በእውነትነቱ ላይ አልነበረም፤ ማክቤዝ ቃሉን እንደ ወደደው ተርጉሞ ጠባቂ የማያስፈልገው የማይሞት ሰው ነኝ ብሎ በመደገፉ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ፤ ከዚህ ርእስ ጋር በቅርብ የሚነጻጸር ሰው አለንና። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ድራማቸውን ከጻፉ ወዲህ፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በእንግሊዝኛ፥ ኋላም በአማርኛ በዚሁ ንጉሥ ላይ ተውኔት ጽፈዋል፤ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ ደግሞ በልብ ወለድ መጥተውበታል። ደራስያኑን ወደ ቋራው ካሳ የሳባቸው ጀግንነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በሕይወቱ ውስጥ ትንቢትና ፈቃድ እጅግ ተጠላልፈው ስለ ተገኙ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምን እንደሚያመጣ ይናገራል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚህ ስም ለአጭር ዘመን የነገሠ ንጉሥም ነበር። ካሳ ኃይሉ ግን በዚህ ስም አልተወለዱም። እናታቸው በችግር ኮሶ እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር ተብሎ ይተረካል፤ ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ዘምተው በተማረኩ ጊዜ፥ ካሳ ኮሶ በጥብጠው እንዳጠጧቸው ይነገራል። ይህ ሰው ደጃዝማች ጎሹን፥ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፥ ኋላም በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ፥ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ልብ ብለን እንመልከተው። ማክቤዝ ትንቢቱ ሳይፈልገው መጣበት፤ ካሳ ግን ትንቢቱን ከመጽሐፍ ውስጥ አንሥተው በራሳቸው ላይ ጫኑት። ማክቤዝ የተነገረው ስለ ዙፋኑ ብቻ ነበር፥ በዙፋኑ ላይ ምን እንደሚሠራ አልተነገረውም፥ እርሱም ስለዚያ አንድም ጊዜ ሲያስብ አናገኘውም፤ ለካሳ የተጻፈው ግን ሥራ ነበር፤ የተለያየውን አገር አንድ ማድረግ፥ ሰላምን ማምጣት፥ ፍርድን ማቅናት። ስለዚህ የእርሳቸው ምኞት ከማክቤዝ ምኞት እጅግ የከበረ ነው፤ በዚያው ልክም እጅግ የከበደ ነበር። መሳፍንቱን አስገብረው፥ በጋፋት አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠው፥ የካህናቱን መሬት ነክተው ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣልተው፥ የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አስረው፥ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ሺህ ኪሎ ያህል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ በየገደሉ መንገድ እየተቆረጠ፥ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ ቁልቁለትና ዐቀበት ወራት ያህል ሲጓዙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እየፈለጡና እየተሸከሙ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ዕጣ ፈንታው ከተጻፈለት ሰው ይህን ያህል ድካም ማን ይጠብቃል? ያ ገደል እየናደ መንገድ የሚያወጣ እጅ የፈቃድ እጅ ነው።

ነገር ግን የቴዎድሮስን ታሪክ በመድረክም በመጽሐፍም የሚያቀርቡ፥ የሚያደንቋቸውም ሁሉ፥ በስተመጨረሻ ያለ ጊዜያቸው ተወለዱ፥ ሕዝቡ አልተረዳቸውም፥ ዕድላቸው አልቀናም ወደሚል ልቅሶ ያዘነብላሉ። ይህ ፍቅር ነው፥ እኔም እጋራዋለሁ፤ ግን ለጀግናው ክብር ሲባል ጀግናውን ይቀንሳል። ጊዜው ያልደረሰለት ሰው ብቻ ካደረግናቸው ያሳዝናሉ እንጂ ትራጀዲ አይሆኑም፤ ምክንያቱም ትራጀዲ የሚሆነው ታላቅ ሰው ሌላ መንገድ እያለው የመረጠውን ሲመርጥ ነው። በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤው ማግሥት በማዕዶት፥ የእንግሊዝ ጦር ደጃፉን ጥሶ ሲገባ በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸውን ሁላችንም የነጻ ፈቃድ ከፍታ አድርገን እናነሣዋለን፤ ለጠላት እጅ ያለመስጠት ምርጫ ነውና። በዚያ ሰዓት ነጻ ከነበሩ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሰዓቶችም ነጻ እንደ ነበሩ መቀበል ግድ ይለናል፤ የከበረውን ሥራ ለፈቃዳቸው፥ የከፋውን ለዕድላቸው ልንሰጥ አንችልም።

በመቅደላ ታስረው የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ስለ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የጻፉት ምስክርነት ለዚህ ነገር ቁልፍ ነው። የእንግሊዝ ጦር ቀርቦ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በእስላምጌ ሜዳ ላይ የአገር ተወላጅ እስረኞችን እያስቀረቡ፥ አስቀድመው ሴቶቹንና ሕፃናቱን፥ ከዚያም ብዙዎቹን ሌሎች በምሕረት ፈቷቸው። ቀኑ ሲመሽ ገና ያልተፈቱት እስረኞች እንጀራና ውሃ ስጡን ብለው ጮኹ። ንጉሡ ጩኸቱን ሰምተው በቁጣ ወጡ፤ እስረኞቹን በሰይፍና በጥይት፥ ከገደሉ አፋፍም ወደ ታች በመወርወር አስጨረሷቸው። በአንድ ቀን፥ በአንድ ሜዳ፥ በአንድ እጅ ምሕረቱም እልቂቱም ተፈጸመ። ፍካሬ ኢየሱስ ይህን አላዘዘም፤ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር መድፍም ይህን አላስገደደም፤ የማክዳፍን ሕፃናት ሞት ጠንቋዮቹ እንዳላዘዙት ሁሉ። ጠዋት የፈታቸው እጅ ሲመሽ ሊፈታ ይችል ነበር፤ ይህም ከቃል የተገመተ ሳይሆን በዚያው ዕለት በተደረገ ሥራ የተረጋገጠ ነው።

ስለዚህ ይህን ንጉሥ በመድረክ ለማቆም የሚነሣ ደራሲ ወይም አዘጋጅ ከመቅደላው ሽጉጥ ይልቅ በዚህ ሐሙስ ላይ ቢደክም እወዳለሁ። ጠዋት ላይ የተፈቱት ሴቶች ሰንሰለታቸው ሲወልቅ እንይ፤ ንጉሡ በምሕረታቸው ደስ ሲላቸው እንይ፤ ጩኸቱ ሲሰማ ከመቀመጫቸው እስኪነሡ ድረስ ያለችውን ጥቂት ጊዜ ተዋናዩ አያሳጥራት፤ ማክቤዝ ከእራት ማዕድ ወጥቶ ብቻውን የቆመባትን ሰዓት ያህል ያስረዝማት። አዘጋጁም በዚያች ጊዜ ከበስተኋላ የትንቢት ድምፅ፥ የነጎድጓድ ወይም የእንጉርጉሮ ዜማ እንዳያስገባ እለምነዋለሁ፤ የባንኮን ጥላ ሙት በማዕዱ ላይ ለተመልካች በግልጽ የሚያቆም አዘጋጅ የማክቤዝን ኅሊና ከማክቤዝ ወስዶ ለመናፍስት እንደሚሰጥ፥ ያም ድምፅ የንጉሡን ውሳኔ ከንጉሡ ወስዶ ለዕድል ይሰጠዋል። መድረኩ ዝም ይበል፤ ንጉሡ ብቻቸውን ይወስኑ፤ ተመልካቹም ትእዛዙ ከአፋቸው ከመውጣቱ በፊት ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ተስፋ እንዲያደርግ ጊዜ ይሰጠው።